ከፊት ለፊቴ ነይ

ሰመራ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናቴ ካለፈች ወዲህ እንደ አባት ላሳደጉኝ አጎቴ፣ ለአቶ ጌጡ፤ አዋሽ ሰባት።

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከሰመራ ሙቀት በቀር የሚያስከፋኝ የለም። ከእንቁጣጣሽ መልስ ያልጻፍኩልዎ ረስቼዎት ሳይሆን ሥራዬ ስለተቀየረ ነው። በስልክ እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ይህንንም እንደ ወትሮው ለኢስማኢል ሰጥቼዋለሁ። በከባድ መኪናው ጅቡቲ ሲመላለስ አዋሽ ላይ ጋሽ ቃሲም ምግብ ቤት ሳይበላ ስለማያልፍ ከፖስታ ቤት ይልቅ እሱን አምናለሁ።

አሁን የዓይን ነርስነቴን ይዤ ገጠር ለገጠር እዞራለሁ። ጀርባው ላይ ትንሽ መነጽር የሚገጠምለት ስልክ ተሰጥቶኛል። የሰውየውን ብሌን በጠብታ ካሰፋሁ በኋላ የዓይኑን የውስጥ ነርቭ ፎቶ ያነሳል። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስደርስ ፎቶው አዲስ አበባ ላሉት ሐኪም ይሄዳል፤ እሳቸው አይተው በማግስቱ ይመልሱልኛል። ባለፈው ሳምንት ጭፍራ በገበያው ቀን ስድሳ ሰው አነሳሁ። የሰው ዓይን ውስጥ እያየሁ ግድግዳ እየዳበሱ የሚሄዱት አያቴ ትዝ አሉኝ።

የምጽፍልዎም በዚሁ ነገር ነው። አያቴን ያሳወራቸው ግላኮማ በዘር ይሄዳል። አያምም፣ አያቀላም፤ ከዳር እየበላ ወደ መሃል ይገባል። በእንቁጣጣሽ ከጎንዎ ያለውን የሻይ ብርጭቆ በእጅዎ ሲፈልጉ አይቻለሁ። ብጠይቅዎ ሳቁብኝ። ባልደረባዬ ጣሃ ኅዳር መጀመሪያ ለሥራ ወደ አዋሽ ስለሚመጣ ዓይንዎን ፎቶ እንዲያነሳ ስምዎን ሰጥቼዋለሁ። ሐኪሙ ራሳቸው ጥር ላይ ሰመራ መጥተው ሃያ ሰው ብቻ ያክማሉ፤ ከሃያው አንዱን ቦታ በእርስዎ ስም ይዤያለሁ። እምቢ ብለው እንዳያሳዝኑኝ።

ዕድሜና ጤና ያብዛልኝ፤
ልጅዎ እምነት


አዋሽ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእምነት።

የአዋሽ አቧራ ሳይቀር ሰላም ይልሻል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጥርስ ቀነስኩ እንጂ ምግብ አልቀነስኩም። ቃሲምና ልጁ ሶፊያ ሰላምታቸው ይድረስሽ። ቃሲም «ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትዳረው» እያለ ይጠይቀኛል፤ መጀመሪያ የራስህን ዳር ብዬዋለሁ።

ስለ ዓይኔ ስትጽፊ የባቡር ሰው መሆኔን የረሳሽው ትመስያለሽ። እኛ እኮ በየዓመቱ ዓይናችንን እንፈተን ነበር። ሐኪሙ ከድሬዳዋ ይመጣና አንድ ፉርጎ ውስጥ ፊደል ያለበትን ገበታ ይሰቅላል። ውጤቱ ግን ወደ ተፈታኙ አይመጣም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሼፉ፣ ወደ አለቃችን ነው። በቀይ የተሰመረበት ሰው በማግስቱ ከሥራው ወርዶ ዕቃ ተሸካሚ ይሆናል። በሠላሳ አንድ ዓመት የእኔን ወረቀት አንድ ቀን ቀይ አልነካውም።

ይሁን፣ ልጁ ይምጣ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ጣሃ የሚሞላው ፎርም ወዴት ነው የሚሄደው? የጣቢያው ቢሮ ያየዋል? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። የድሮውን ጣቢያ ግቢ የምጠብቀው እኔ እንደሆንኩ፣ ክፍሌም ከሥራው ጋር የተሰጠችኝ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ቶሎ መልሺልኝ።

ሰመራ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ከተገኘ በኢስማኢል ላኪልኝ። የግቢው አምፖል ደክሟል።

እግዚአብሔር ከመንገድ ክፉ ይሰውርሽ፤
ጌጡ


ሰመራ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ ጌጡ።

ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ በደስታ ይድረስዎ። ዲቾቶ ሦስት ሳምንት ስለቆየሁ ደብዳቤዎን ያገኘሁት ጣሃ ከአዋሽ ከተመለሰ በኋላ ነው። ፎርሙን ከእኔና ከሐኪሙ በቀር ማንም አያየውም። ማንም። ያን ያህል ካሳሰበዎ ቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፣ ይቅርታ።

አሁን ወደ ምሥራቹ። ፎቶዎ ደረሰ፤ ሐኪሙም አይተው ጻፉልኝ። ነርቭዎ ንጹህ ነው። እንዲያውም «በስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ዓይን ላይ ሞራ እንኳ ያልጀመረው አይቼ አላውቅም፤ ዕድሜው በትክክል ተሞልቷል?» ብለው ጠየቁኝ። የባቡር ሰው ናቸው ብዬ መለስኩላቸው። ፎቶውን ሦስቴ ከፍቼ አየሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ብርጭቆውን የፈለጉት ጨዋታ ይዞዎት ነበር ማለት ነው።

የያዝኩልዎን ቦታም ለሀምዳ ሰጠሁት። ጭፍራ ያገኘኋት የአምስት ልጆች እናት ናት። አንዱ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ሁለተኛው ጀምሯል። ጣሃ በአፋርኛ ሲነግራት እጄን ይዛ አልለቅም አለች። የመረቀችው እርስዎን ነው፤ ቦታው የእርስዎ ነበርና።

ባትሪው ከኢስማኢል ጋር ነው።

ክፉ አይንካብኝ፤
እምነት


አዋሽ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእምነት፣ እንኳን ለገና በዓል አደረሰሽ።

የመሬቱን መንቀጥቀጥ በሬዲዮ ሰምተሽ ሳትጨነቂ አልቀረሽም። አለን። ሰው ሁሉ ፍራሹን አውጥቶ ደጅ ነው የሚተኛው። እኔንም ባለፈው ማክሰኞ መንቀጥቀጡ ከቢሮው ደረጃ ላይ ጥሎኝ ክንዴ ትንሽ አብጦ ነበር። ቃሲም በቅቤ አሽቶልኛል፣ አታስቢ።

ዓይኔ ንጹህ ነው ስላልሽኝ ደስ ብሎኛል። ቦታውን ለዚያች ሴት መስጠትሽም ጥሩ ነው። እናት ናት፤ ከእኔ ትቀድማለች።

አንድ ጎረቤት ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው። ከፊቱ ያለውን ያያል፣ ከጎኑ የሚመጣውን ግን አያይም። ሲመሽ ይብስበታል። የአያትሽ ዓይነት ነገር ይሆን ይላል። መድኃኒት አለው? አሁን ቢጀምር የጠፋው ይመለስለታል? በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ፣ አነብለታለሁ።

ወፍራም የሚጽፍ ጥቁር እስክሪብቶም ላኪልኝ። የዘንድሮ እስክሪብቶ ቀለሙ ቀጥኗል።

በዓሉን የሰላም ያድርግልሽ፤
ጌጡ


ሰመራ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ።

ጋሼ፣ ክንድዎ እንዴት ሆነ? በበዓል መጥቼ ያላየሁዎት እግሬን ሥራ አስሮት ነው፣ እንዳይቀየሙኝ።

ለጎረቤትዎ እንዲህ ብለው ያንብቡለት። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ጠብታና ቀዶ ሕክምና ያቆዩታል። አንድ ወር እንኳ ብዙ ነው፣ አሁኑኑ ዓይኑን ፎቶ ይነሳ። ግን ማነው? ጋሽ ቃሲም ናቸው? እሳቸው ከሆኑ ይንገሩኝ፣ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።

የሐኪሙ ነገር አልሆነም። ጥር 12 መጥተው ሁለት ቀን ብቻ ቆይተው ሄዱ። ሀምዳ አልመጣችም። ሳር ፍለጋ ከግመሎቻቸው ጋር ከጭፍራ ወዲያ ወርደዋል አሉን፤ የሄዱበት ኔትወርክ የለም። ጣሃ በሞተር አንድ ቀን ሙሉ ፈልጎ ተመለሰ። የእርስዎ የነበረው ቦታ ባዶውን ዋለ፤ ወንበሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ስልኩ ለማወቅ ነው የረዳኝ ጋሼ። ለማዳን ሌላ ነገር ይፈልጋል፣ እሱ የለኝም። «አለብሽ» ብዬ ነግሬያቸው ትቻቸው የምሄደው ሰው በዝቶብኛል።

ደግሞ ፊደልዎ ለምን እንዲህ ተለቀ? አንድ ገጽ የሚበቃው ሦስት ገጽ ሆኗል፤ መስመሩም አንዱ አንዱ ላይ ይወጣል። ክንድዎ ነው? እውነቱን ይጻፉልኝ።

እምነት


አዋሽ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእምነት።

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን የምትጽፍልኝ የቃሲም ልጅ ሶፊያ ናት። ጣቴን በር ስለቆረጠኝ እስክሪብቶ መያዝ አልቻልኩም። ዘግይቼ የመለስኩልሽም በዚሁ ነው። ጎረቤቴ ጠብታ እፈልጋለሁ ብሏል፤ ካለሽ በእኔ ስም ላኪለት። እሱም እኔም ደህና ነን። የላክሽው እስክሪብቶ ጥሩ ነበር። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ጌጡ

እህቴ እምነት፣ ከዚህ በታች ያለውን ጋሼ አላዘዙኝም። ጽፌ ስጨርስ እንዳነብላቸው እየጠበቁ ነው፤ ይህንን እዘለዋለሁ። ጣታቸው ምንም አልሆነም። ከየካቲት ወዲህ መስመር አይታያቸውም። ጎረቤት የሚሉትም ራሳቸው ናቸው።

ኅዳር ላይ ጣሃ ያነሳው ዓይን የአባቴ ነው። ያን ቀን ጠዋት ጋሼ መጥተው «ቃሲም፣ ዓይንህን አውሰኝ» አሉት። በባቡሩ ዘመን የተለመደ ነበር አሉ። ዓይኑ የደከመ ሰው በፈተናው ቀን በስሙ ደህና የሚያይ ጓደኛ ይልካል፤ ሐኪሙ መልክ አያውቅም፣ ስም ብቻ ነው የሚጠራው። ፎቶው ወደ ቢሮ ሄዶ ከሥራና ከክፍላቸው የሚያስወጣቸው መስሏቸዋል። ጣሃ መጥቶ «አቶ ጌጡ የቱ ናቸው» ሲል አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ከተተና «እኔ ነኝ» አለ። አዛን ሲል እንኳ ከወንበሩ አልተነሳም። ዕድሜውን ሲጠይቀው የጋሼን ተናገረ። አባቴ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። በደግነት ያደረገው ነው እህቴ፣ ወዳጁን ከጭንቀት ያወጣ መስሎት። አሁን በጾሙ ሰላት ላይ ቆሞ ያለቅሳል። እኔም እያወቅኩ ዝም ስላልኩ አላህ ይቅር ይበለኝ። ነይ።

ሶፊያ


ሰመራ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ጌጡ።

ጋሼ፣ ሶፊያ ይህንን ቀስ ብላ ታንብብልዎ። ባለፈው መጥቼ ዓይንዎን ራሴ ሳነሳ አንድም ቃል ሳልናገር የተመለስኩት ተቆጥቼ ነው። አሁንም አልበረደልኝም። ግን ቁጣዬ ወደ ማን እንደሆነ መንገድ ላይ ሚሌ ስንደርስ ገባኝ።

ሐኪሙ መልሰውልኛል። ቀኝዎ የለም። የግራዎ መሃሉ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም በወራት የሚቆጠር ነው። አዲስ አበባ ላምጣቸው ብዬ ለመንኳቸው። «ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ቢሆን ኖሮ እንነጋገር ነበር፤ አሁን በመንገድ አታድክሚያቸው» አሉኝ። የላክሁት ጠብታ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ነው። ምናልባት ትንሽ ያቆያል። ያድናል ብዬ አልዋሽዎትም።

እርስዎ ፈሩ፤ የፈራ ሰው ያለ ነው። እኔ ግን የዓይን ነርስ ነኝ። ሐኪሙ «ዕድሜው በትክክል ተሞልቷል?» ሲሉኝ ቀልድ መሰለኝ። የጋሽ ቃሲምን ዓይን በእርስዎ ስም ሦስቴ ከፍቼ አይቼ ደስ አለኝ። የማያውቁኝን ሰዎች ዓይን እያገላበጥኩ ስውል ያሳደገኝን ዓይን ለየሁት? አልለየሁትም። ፊደልዎ ሲያድግም አየሁ፣ ጠየቅሁ፣ መልስ ሳላገኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ያኔ አውቶቡስ ላይ መውጣት ነበረብኝ።

ለጋሽ ቃሲም እንዳልተቀየምኳቸው ይንገሩልኝ። ገና አልሆነልኝም፣ ግን ይንገሩልኝ።

እምነት


አዋሽ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእምነት፤ ልጄ ብዬ ለመጥራት ፊት ካለኝ።

ሶፊያ ትጽፋለች። ያልኩትን ሳትቀንሺ፣ ያላልኩትን ሳትጨምሪ ጻፊ ብያታለሁ። ባለፈው ስታነብልኝ መጨረሻው ላይ ትንፋሿ ሲቆረጥ የሆነ ነገር እንደዘለለች አውቄ ነበር። እኔ ያልደፈርኩትን ስለጻፈችልኝ አሽጊው አልኳት።

ታኅሣሥ የወደቅኩ ቀን መሬቱ አልተንቀጠቀጠም። ደረጃው አልታየኝም። አገር ሁሉ ስለ መንቀጥቀጥ ሲያወራ እኔም በሱ አሳበብኩ። ዓይን መዋዋሱንም ሶፊያ እንደነገረችሽ ነው። በጉልበቴ ጊዜ ዓይን አዋሹ እኔ ነበርኩ። ለአንድ ባቡር ነጂ አራት ዓመት ሙሉ በስሙ ገብቼ ተፈትኜለታለሁ። ልጆቹን አሳደገ፣ ሰውም አልገጨም፤ ስለዚህ ደግ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ያንቺ ስልክ ለማከም እንጂ ለመክሰስ የማይመጣ መሆኑ በዚህ ዕድሜዬ ጭንቅላቴ አልገባ አለ። ስጠይቅሽ ደግሞ መልስሽ ዘገየ። አልወቅስሽም፣ ዲቾቶ ያሉትም ዓይን አላቸው።

አሁን የባሰውን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ሄጄ ለኃላፊው ራሴ ነገርኩት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ክፍሉንም እለቃለሁ አልኩት። ቁልፉን መልሶ እጄ ላይ አደረገና «አቶ ጌጡ፣ እኛ እኮ ከካቻምና ጀምሮ እናውቃለን» አለኝ። «ሲዳብሱ እናይዎ ነበር። ባቡር በማያልፍበት ግቢ ምን ይሰረቃል ብለን ነው ዝም ያልነው። ይኑሩበት።»

ልጄ፣ ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። የደበቅኩት ለማን ነው? ዓይኔን የሰጠሁት ማንም ላልጠየቀኝ ነገር ነው።

ጠብታውን አደርጋለሁ፤ ሶፊያ ናት የምታንጠባጥብልኝ። የቀረኝ በግራዬ የቁልፍ ቀዳዳ ያህል ነው። በሱ የማየው ብዙ ነገር አልፈልግም። ነይና አንቺን ልይሽ። ስትመጪ ግን ከጎን አትምጪብኝ፣ አትታዪኝም። ከፊት ለፊቴ ነይ። በሩ ላይ ብርሃን አለ፤ እዚያ ትንሽ ቁሚልኝ።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤
ጌጡ


ሰመራ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። የኢስማኢል መኪና ሚሌ ላይ ተበላሽቶ መለዋወጫ ሲጠብቅ ሰነበተ፤ እኔም ጭፍራ ነበርኩ። አርባ ስድስት ቀን ሙሉ «ነይ» ብለውኝ ዝም ያልኩዎት መስሎዎት ይሆን እያልኩ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሀምዳን አገኘኋት። ሁለተኛውም ጠፍቷል። ድምፄን ስትሰማ ፊቷን ወደኔ አዙራ ሳቀች። እንደ ወቀሳ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የስልኩ ሥራም በዚህ ወር ያበቃል፤ በጀቱ አልታደሰም። ጣሃና እኔ አንድ ሺህ መቶ አርባ ሰው አንስተናል። ሐኪም እጅ የደረሱት ሠላሳ አይሞሉም። ስልኩን በካርቶኑ አድርጌ አስረክባለሁ፣ ፎቶዎቹ የት እንደሚሄዱ የነገረኝ የለም።

ሐምሌ 5 ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ከፊት ለፊትዎ ነው የምመጣው። ይበቃኛል እስኪሉ ድረስ በሩ ላይ እቆማለሁ። ተቆጥቼ አይደለም የምመጣው፣ አልቋል። ለጋሽ ቃሲምም ሰላም እላቸዋለሁ፤ አሁን ከልቤ ነው።

ልጅዎ እምነት


አዋሽ፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእምነት፤ አሰላሙ አለይኩም።

ይህ ሳትነሺ እንዲደርስሽ ኢስማኢልን በአላህ ስም ለምኜዋለሁ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩላቸው። ሁለተኛውን ጊዜ «ከፊት ለፊትዎ ነው የምመጣው» የሚለው ላይ አስቆሙኝና መልሺው አሉኝ። ወዲያው አባቴን ጠርተው ወንበራቸውን በሩ ትይዩ አስደረጉ። ጢማቸውንም ተላጭተዋል።

እውነቱን ግን አንቺ ማወቅ አለብሽ። ጠብታው በሰኔ መጀመሪያ አለቀ፤ አዋሽ ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዱም ጋ አልተገኘም። ከሰኔ 14 ጀምሮ ምንም አያዩም። እኔ ያወቅኩት በመስኮት ፀሐይ ፊታቸው ላይ እየወረደባቸው «መብራት ጠፋ እንዴ?» ሲሉኝ ነው። ላንቺ እንዳልጽፍ አስምለውኛል። መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ እጾምበታለሁ።

ቅዳሜ ስትመጪ በሩ ላይ ቁሚላቸው። «አየሁሽ» ይሉሻል፤ እባክሽ እሺ በያቸው። እንዳታለቅሺ አልልሽም፤ ድምፅ እንዳታወጪ ብቻ።

የቀሚስሽን ቀለም ደግሞ ቀድመሽ ላኪልኝ። ያዩሽ እንዲመስልሽ፣ ገና ሳትደርሺ ከኋላቸው ቆሜ ቀለሙን በጆሯቸው እንድነግራቸው ጠይቀውኛል።

ሶፊያ